በልጅነቱ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ለሆነ ሰው የአዋቂነት መመሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባ እነዳለሁ። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ደቅ ደሴት ሲሆን ግን ብዙ ሰዓት ውሃ ላይ እንቆያለን፤ ጀልባዬ ደግሞ ሽንት ቤት የለውም። እኔ ስወለድ ፊንጢጣ አልነበረኝም። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ታዲያ እንዴት ነው የምትሠራው?" ብሎ ነው። እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት በ1982 ዓ.ም. ዘጌ ነው። በሁለተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሽንቴ ጨርቁን አረንጓዴ ሲያደርገው እናቴ አየች። ሰገራው መንገድ አጥቶ ወደ ሽንት ቧንቧ ሾልኮ ነበር። ሌሊቱን በታንኳ ባሕር ዳር አደረሱኝ። ሐኪሞቹ ሆዴ ላይ ለጊዜው መውጫ ከፈቱልኝ፤ ኮሎስቶሚ የሚሉት ነው። ያኔ ሰገራውን የሚይዝ ከረጢት የሚባል ነገር አላገኘንም። እናቴ ያረጀ ነጠላ እየቀደደች ታስርልኝ ነበር። በሦስት ዓመቴ ደብረ ማርቆስ አድረን አዲስ አበባ ገባን፣ ዋናው ኦፕራሲዮን ተሠራልኝ። ከወራት በኋላ የሆዴ ቀዳዳ ተዘጋ። "አለቀ፣ ድኗል" ተባለ።

መዳኑንስ ድኛለሁ። አላለቀም እንጂ። እስከ 27 ዓመቴ ድረስ ስለ ገዛ ሰውነቴ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የሕፃናት ሐኪሞቹ "አድጓል" አሉ፣ የአዋቂ ሐኪሞቹ ደግሞ "ይሄ የሕፃናት ነገር ነው" አሉ። እኔ መሀል ቀረሁ። ስለዚህ የምጽፈው በ20 ዓመቴ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ የምለውን ነው።

ጽሑፉ ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው እንደ እኔ መውጫው ሳይከፈት ወይም ያለቦታው ተከፍቶ የተወለደ ነው። ሁለተኛው ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው ያለበት ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1886 በሽታውን ካስረዳው የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም ነው። በዚህኛው መውጫው አለ፤ ግን የአንጀቱ የታችኛው ክፍል አንጀትን የሚያላውሱት የነርቭ ሴሎች የሉትም። ሰገራው እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከ5000 ልደት በአንዱ ገደማ ይከሰታሉ።

ኦፕራሲዮኑ የሠራውና ያልሠራው

ሰገራን ይዞ ለማቆየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የሚዘጋ ጡንቻ፣ "መጣ" ብሎ የሚነግር ስሜት፣ በደንብ የሚንቀሳቀስ አንጀት። ቀዶ ሐኪም መውጫ ይከፍታል፣ አንጀቱንም ከጡንቻው መሀል ያስቀምጣል። አልቤርቶ ፔኛ የሚባል ሜክሲኳዊ ቀዶ ሐኪም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ዘዴ ይህን በጣም አሻሽሎታል። ከተፈጥሮ የጎደለ ጡንቻና ነርቭ ግን በቢላ አይጨመርም።

ስለዚህ አንዳንዱ እንደማንኛውም ሰው ይሆናል። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ይደርቅበታል። አንዳንዱ ያመልጠዋል። ውጤቱ የሚለየው መውጫው ከምን ያህል ከፍታ ላይ እንደቀረ፣ የወገቡ መጨረሻ አጥንትና የጀርባ ነርቮቹ ምን ያህል እንደተሟሉ ነው። የእናንተ ስንፍና አይደለም። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ራሴን እንደወቀስኩ!

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ስሜቱን መጠበቅ የተውኩ ዕለት ነው። የእኔ ስሜት ወይ አይመጣም፣ ወይ ከረፈደ ይመጣል። ስለዚህ በስሜት ፈንታ ሰዓት አስቀመጥኩ። በተወሰነ ሰዓት አንጀቴን ራሴ ባዶ አደርገዋለሁ። ባዶ ከሆነ የሚያመልጥ ነገር የለም። ቀኑ የእኔ ነው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደሆናችሁ እወቁ

በ25 ዓመቴ አካባቢ በየቀኑ ልብሴ ይበከል ጀመር። ቀጭን ነገር ነው፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ተቅማጥ ነው ተባለና የሚያደርቅ መድኃኒት፣ ሎፔራማይድ፣ ተሰጠኝ። ባሰብኝ። ሌላ ጊዜ ሄድኩ፣ ያው መድኃኒት። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ተሳፋሪ አጠገቤ እንዳይቀመጥ ሞተሩ ጋ ብቻዬን እቆም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም የሆድ ራጅ አዘዘልኝ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገና በጣቱ ከቀኝ ወደ ግራ እየተከተለ አሳየኝ። ትልቁ አንጀቴ ከዳር እስከ ዳር ጤፍ እንደሞላ ጆንያ ነበር። "ይሄ ሁሉ ሰገራ ነው። ተቅማጥ የለብህም። በጣም ደርቆብሃል፣ የሚወጣው በደረቁ ዙሪያ የሚያልፈው ፈሳሽ ነው" አለኝ። ለካ የሚያደርቀውን ስወስድ የኖርኩት በድርቀት ላይ ነው።

እባካችሁ ይህን አስተውሉ። ልብስ ስለተበከለ ብቻ ተቅማጥ ነው ማለት አይደለም። የሚያደርቅም ሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት "ሆዴን ራጅ እዩልኝ" በሉ። አንጀታቸው የሚዘገይና አንጀታቸው የሚፈጥን ሰዎች ሕክምናቸው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ከአንጀቱ ብዙ የተቆረጠለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈጥን ዓይነት ነው፤ ለእሱ ሎፔራማይድ በትክክል ሊሠራለት ይችላል። ለእኔ መርዝ የነበረው ለሌላው መድኃኒቱ ነው። ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ።

የጠዋቱ እጥበት

አንጀቴን ባዶ የማደርገው ለብ ያለ የጨው ውሃ ከታች አስገብቼ በማጠብ ነው። ይህ በነርስ ወይም በሐኪም ፊት የሚለመድ ነገር ነው። እኔን ያስተማረችኝ አንዲት ሲስተር ናት፣ ሦስት ቀን በተከታታይ። ከታች የምጽፈው የእኔን ልክ ነው። የእናንተን ሐኪማችሁ ይወስናል። በተለይ ሂርሽስፕሩንግ ያለበት ሰው እንዳለ እንዳይወስደው፤ ለእነሱ የሚታዘዘው እጥበት ብዙ ጊዜ የተለየ ነው። በትንሽ በትንሹ ይገባና ወዲያው በዚያው ቱቦ ይወጣል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ውሃው ማታ ፈልቶ በንጹሕ ጀሪካን ተቀምጧል፣ ቧንቧ ቢጠፋም አይቸግረኝም። አንድ ሊትር አሞቃለሁ። ልኩን የማውቀው ክርኔን ነክሬ ነው፤ ለሕፃን ገላ የሚሆነው ሙቀት ለአንጀትም ይሆናል። አንድ ሊትር ላይ 9 ግራም ጨው ይገባል። በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ነው፣ ተቆልሎ ሳይሆን ከላይ በቢላ ተጠርጎ። የታሸገውን ደቃቅ ጨው ተጠቀሙ፣ ሻካራው በማንኪያ ልኩ ይዛባል። ጨው የሌለበት ውሃ በብዛት ከገባ ወደ ደም ይመጠጥና የሰውነትን ጨው ያሳሳል። የበዛ ጨውም እንዲሁ ይጎዳል። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ቅጠል፣ ምንም አትጨምሩ።

ፋርማሲ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ትንንሽ ኢኒማ፣ ከታች የሚገባ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ አለ። አንዳንዱ ፎስፌት የሚባል ነገር አለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። ሳትጠይቁ አትግዙ።

ውሃውን የያዘውን ባለ ቱቦ ከረጢት ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ከምተኛበት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሸራ አንጥፌ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ። ቱቦው ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ካቴተር ነው፤ ፊኛው ውስጥ ሲነፋ ውሃው ተመልሶ እንዳይወጣ ይይዛል። አነፋፉንና ልኩን ሲስተሯ ናት ያሳየችኝ፣ በግምት አይነፋም። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ካቴተሩን ቫዝሊን እቀባው ነበርና ፊኛው ውስጥ እያለ ፈነዳብኝ። ቫዝሊን የጎማ ጠላት ነው። በውሃ የሚሟሟውን ጄል ግዙ፣ ፋርማሲ ኬ-ዋይ ብትሉ ይሰጧችኋል።

ውሃው በ10 ደቂቃ ይገባል። ለእኔ ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይበቃኛል። ሆዴን ከቆረጠኝ መቆለፊያውን ዘግቼ ትንሽ እተነፍሳለሁ። የሚወጋ ሕመም ወይም ደም ካለ ግን ይቆማል፣ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ከገባ በኋላ 10 ደቂቃ ይዤ እቆያለሁ። ያኔ ሆዴን አሻለሁ፤ ከቀኝ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ተሻግሬ፣ ወደ ታች። አንጀቱ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ከዚያ ሽንት ቤት 40 ደቂቃ። የእኛ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት ነው፣ 40 ደቂቃ ደግሞ ጉልበት አይችልም። አናጢ ዘንድ ሄጄ መሀሉ ክብ ቀዳዳ ያለው በርጩማ አሠራሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እግሩን ሰፋ አድርጎ ጠርዙን በሸካራ ወረቀት አለሰለሰልኝ። በሕይወቴ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ቶሎ አትነሱ። የመጨረሻው የሚወጣው ከጨረሳችሁ መስሏችሁ ከቆያችሁ በኋላ ነው። ቀን ላይ የሚያመልጠውም ያ ሳይወጣ የቀረው ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዬ ጋ ነኝ። እስከ ማግስቱ ንጹሕ ነኝ።

መጀመሪያው ሳምንት ላይሳካ ይችላል። እኔ በመጀመሪያ በ500 ጀምሬ ማታ ማታ ያመልጠኝ ነበር። የውሃው መጠን እስኪገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡ፣ የሆነውን በደብተር ጻፉ፣ ደብተሩን ለሐኪም አሳዩ። ከታች ማጠቡ የከበደው ሰው ሌላ መንገድም አለ። ማሎን የሚባል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ትርፍ አንጀትን ከሆድ ቆዳ ጋር አገናኝቶ ከላይ ወደ ታች የሚታጠብበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ቸኩሎ የሚገባበት አይደለም፣ ግን መኖሩን እወቁት።

ስለ ምግብና ቤተ ክርስቲያን

የሁሉም ሰው ሆድ የየራሱ ነው። እኔ ቃሪያ አይስማማኝም፣ ጥቅል ጎመን ሆዴን ይነፋዋል፣ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ምንም አይለኝም። ለሚደርቅበት ፓፓያ፣ ማንጎና በደንብ የተዘፈዘፈ ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር ይጠቅማል። ለሚፈጥንበት ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ። ቡና አንጀትን ያነሳሳል፤ ከጉዞ በፊት አቦል ብቻ፣ ቶናና በረካው ማታ።

ኮሶ አትጠጡ። እንቆቆም እንዲሁ። "ሆዴን ልጠረግ" ብሎ ጠንካራ ነገር መጠጣት ለእኛ ዓይነት አንጀት አይሆንም።

ብዙዎች አፍረው የማያነሱት አንድ ነገር አለ። "የሚያመልጠኝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ልግባ ወይ?" የሚለው። እኔ ዓመታት ከቅጽር ውጭ ቆሜ አስቀድሻለሁ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ሕመም ነው ልጄ፣ ታጥበህ ና" አሉኝ። የናንተን አባት ራሳችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ግን ራሳችሁን አታስቀሩ።

ማንም የማይነግራችሁ፣ ኩላሊትና ወገብ

ያ ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድም አዞልኝ ነበር። አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ በ27 ዓመቴ። መውጫው ሳይከፈት የተወለደ ሰው ብዙ ጊዜ አብሮት ሌላ ነገር ይመጣል። ኩላሊት፣ የጀርባ አጥንት፣ ልብ፣ የምግብ ቧንቧ። በልጅነት ካልታየ አሁንም ይታያል።

ስለዚህ እነዚህን ጠይቁ። የኩላሊት አልትራሳውንድ አንድ ጊዜ። በየዓመቱ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ በደም የኩላሊት ምርመራ (ክሪያቲኒን ይሉታል)። እኔ ጀልባ ስጎትት ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ዳይክሎፌናክ እውጥ ነበር። እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ያውም አንድ ላለው። አሁን ሐኪም ካላዘዘልኝ አልነካም።

አዲስ የመጣ የእግር መዛል፣ የወገብ ሕመም፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ሽንት ማምለጥ ካለ የጀርባ ነርቭ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ሳይቆይ ይታይ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ የተቆረጠለት ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ስለሚችል ደሙን ያሳይ።

ይህን ሁሉ የሚይዝ አንድ ወረቀት ይኑራችሁ። ከምን ጋር እንደተወለዳችሁ፣ የትኛው ኦፕራሲዮን በየት ዓመት፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ኩላሊታችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒት። የእኔን መረጃ እናቴ ሣጥኗ ውስጥ ከክርስትና ወረቀቴ ጋር ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ሄዳችሁ ከእናቶቻችሁ ጠይቁ፣ በሕይወት ሳሉ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ትዳርና መውለድ

ለባለቤቴ የነገርኳት ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ነው፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን። ከጠዋቱ እጥበት ጀመርኩ፣ ምክንያቱም አብራኝ ብትኖር በየቀኑ የምታየው እሱን ነው። ስጨርስ ትንሽ ዝም አለችና "እና በቀን አንድ ሰዓት ነው? እማዬ እኮ ስኳር አለባት፣ በቀን ሁለቴ ትወጋለች" አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ምክሬ፣ ቀድማችሁ ንገሩ፣ አጭር አድርጉት፣ ከምታደርጉት ነገር ጀምሩ።

ወንዶች፣ አንጀቱ ከሽንት ቧንቧ ጋር ተገናኝቶ የተወለደ ሰው የዘር ፈሳሹ ወደ ሽንት ፊኛ ሊመለስበት ወይም የዘር ፍሬው ደጋግሞ ሊያብጥበት ይችላል። ልጅ ከዘገየ ሚስትን ብቻ ወደ ሐኪም መላክ ልክ አይደለም። ሁለታችሁም ተመርመሩ።

ሴቶች ደግሞ ጉዳዩ ይሰፋል። ማህፀንና ብልትም አብረው ሳይሟሉ ሊወለዱ ይችላሉ። የወር አበባ ሳይመጣ በየወሩ ሆድ የሚያም ከሆነ ደሙ መውጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል። እርግዝና ከመጣ ክትትሉ ገና በመጀመሪያው ወር ይጀመር፣ ወረቀቱም ይቅረብ። ብልቷ በቀዶ ሕክምና ለተሠራላት ሴት ብዙ ጊዜ የሚመከረው በኦፕራሲዮን መውለድ ነው። ሌሎች በምጥ ሊወልዱ ይችሉ ይሆናል፤ ግን የተሠራውን ጡንቻ ሊጎዳ ስለሚችል ምጥ ሳይመጣ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው።

ጀልባው ላይ

አንድ ጥቁር ላስቲክ፣ ትርፍ ጥቁር ሱሪ፣ ሁለት ሞዴስ፣ የሁለት ሊትር ውሃ፣ ሶፍት። ከሞተሩ ሥር ባለው ሣጥን ሁልጊዜ አሉ። ካመለጠኝ ዘጌ ጫካው ውስጥ ገብቼ ታጥቤ እለብሳለሁ። በወር አንዴም ላይሆን ይችላል፣ ዕቃው ግን አይነሳም። ቆዳ ሲቆስል በውሃ ብቻ ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ዚንክ ያለበት ቅባት ቀቡ። ሽቶ ያለው ሶፍት ያቃጥላል።

የማይጠበቅበት

ሆድ ተነፍቶ፣ እየቆረጠ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ፈስም ካቆመ፣ የድሮ ጠባሳ አንጀቱን አጣብቆት ሊሆን ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ ከ30 ዓመት በኋላም ይመጣል። ምንም ሳትበሉ ሳትጠጡ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ባሕር ዳር ያላችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። በር ላይ "ሆዴን አሞኛል" ብቻ አትበሉ። "በሕፃንነቴ አንጀቴን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ አሁን ያስመልሰኛል፣ ፈስ የለም" በሉ።

ሂርሽስፕሩንግ ላለበት ሰው ደግሞ ትኩሳት፣ የተነፋ ሆድና በጣም የሚሸት ተቅማጥ አንድ ላይ ከመጡ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። እሱም በዚያው ሰዓት ነው። ከታች የሚወጣ ደም ከቆየ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ በሳምንቱ ውስጥ ይታይ።

ልጅ ሲመጣ

ሂርሽስፕሩንግ በቤተሰብ ሊደገም ይችላል፣ ወንዶች ላይ አራት እጥፍ ይበዛል። የእኔ ዓይነቱ መደገሙ ጥቂት ነው፣ ግን ይታያል። ምርመራው ቀላል ነው። አዋላጇ ሕፃኑን አገላብጣ መውጫው በቦታው መኖሩን ታያለች፣ የመጀመሪያው ጥቁር ካካ በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣቱን ትጠብቃለች። እስከ 48 ሰዓት ካልወጣ ሕፃኑ ወደ ቤት አይሄድም።

ልጄ ስትወለድ በር ላይ ቆሜ ነበር። ለሲስተሯ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች፣ ጓንቷን እያወለቀች። "አየሁላችሁ፣ በቦታው አለ" አለችኝ። ከዚያ ንጋት ላይ ባለቤቴ ጠራችኝ። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ። ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ እኔ አጠብኩት።